ይህችን ሴት ማን ዳራት?

ጋሽ ዋለልኝ የሞቱት እርሳስ እንደጨበጡ ነው። ሰው በመጨረሻ ሰዓቱ የሚጨብጠው ነገር ይለያያል። መቁጠሪያ የጨበጠ አለ፤ የልጁን እጅ የጨበጠ አለ፤ በላስ ቬጋስማ የቁማር ማሽን እየተጫነ፣ ጎረቤቱ ጨዋታውን እንኳ ሳያቋርጥለት የሄደም አለ። እሳቸው ግን በቢላ የተሾለ ተራ እርሳስ በሦስት ጣታቸው ይዘው፣ ግንባራቸውን የወረቀት ሣጥን ላይ አስደግፈው፣ ሲልቬራዶ ራንች በሚገኘው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ተገኙ። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነበር።

ቀመሪያ ይመር ስትደርስ የሐምሌ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ አስፋልቱ የጫማ ሶል ይይዝ ነበር። ቀመሪያ የደሴ ልጅ ናት። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ደግሞ ሰው ድንገት ሲሞት እየተጠራች «እንዴት ሞተ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምትፈልግ የካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ሠራተኛ ናት። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ከማይዋሹ ሰዎች ጋር ነው የምውለው» ትላለች።

በሩ ላይ የቆመው ረጅም ፖሊስ ፋይሉን ሊዘጋ ቸኩሏል።

«ልብ ነው» አላት። «ሽማግሌ ናቸው፤ የልብ መድኃኒት ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ሃያ ደቂቃ ይበቃሻል።»

«ሃያ ደቂቃማ ለጫማዬ ብቻ ነው» አለችና ጫማዋን በላስቲክ ሸፍና ገባች።

ጋራዥ ይባል እንጂ መኪና አይቶ አያውቅም። ወደ መንገድ የሚከፈተው ትልቁ በር ከውስጥ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ ተደፍኗል። መስኮት የለውም፤ መግቢያው ከኩሽና የሚያስገባው ወፍራም የእንጨት በር ብቻ ነው። ከሱ አጠገብ አንድ የስፌት ቅርጫት ተሰቅሏል፤ ውስጡ የሟቹ ስልክ አለ። ከቅርጫቱ በላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ስልክ አይገባም። ውሃ አይገባም። እስክሪብቶ አይገባም። ሕዝቅኤልም ቢሆን።»

ጋሽ ዋለልኝ አዲስ አበባ ሳሉ የመዝገብ ቤት ሰው ነበሩ። እዚህ መጥተው በፓራዳይዝ ከሚገኙት ሆቴሎች ባንዱ አሥራ ስድስት ዓመት አንሶላ አጠቡ፤ ጡረታ ሲወጡ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። የፈረንጆችን የዘር ሐረግ ከአሮጌ መዝገብ እየለቀሙ ማውጣት ያዙ። ለሐበሻው ሁሉ መሳቂያ ሆነ። ሰባት ቤት በቃሉ የሚቆጥር ሰው፣ ባለ ሦስት መኪና ሆኖ ከአያቱ በላይ ማን እንዳለ ለማያውቅ ፈረንጅ ዘር ይቆጥርለታል! እሳቸው ግን አይስቁም ነበር። ያገኙትን ስም ሁሉ አንድ በአንድ በካርድ ላይ፣ በአማርኛ፣ በእርሳስ ያሰፍሩ ነበር። በግንባራቸው ሥር የነበረው ሣጥን በነዚህ ካርዶች የተሞላ ነው።

ቀመሪያ አንዱን ካርድ በጓንቷ አወጣችው፤ ከሣጥኑ ያልገባ፣ በመዳፋቸው ሥር የነበረ ነው። ሌሎቹ ካርዶች ማተሚያ ቤት የወጡ ይመስላሉ። በዚህኛው ላይ ግን ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል፤ መስመሩ እንደ ተራራ መንገድ ሽቅብ ይወጣል።

«ይህችን ሴት ማን ዳራት?»

ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም።

አስከሬኑን ያገኙት ሁለት ሰዎች ሳሎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ሙአዝ ነው፤ ከኮምቦልቻ የመጣ፣ በሆቴል ሻንጣ ተሸካሚነት የሚሠራ፣ የጋሽ ዋለልኝን አንዲት ክፍል የተከራየ ጎልማሳ። ቀመሪያ ወደ ጓሮ ወስዳ አነጋገረችው።

«ስንት ሰዓት ገባህ?»

«አሥር ሰዓት ተኩል።»

«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

«በሐበሻ። ሺፍቴ በፈረንጅ ነው የሚያልቀው፣ የምደክመው ግን በሐበሻ ነው» አለና ቀልዱ ካፉ ሳይወጣ አፈረ። «ይቅርታ እትዬ። ሻወር ወስጄ ተኛሁ። አንድ ሰዓት ላይ ራት ልጥራቸው ብዬ ባንኳኳ መልስ የለም። በሩን ብገፋው እምቢ አለኝ። አብሯቸው የሚሠራው ሕዝቅኤል ቀጠሮ ነበረው፣ ያኔውኑ ከች አለ። እሱ በትከሻው ሲገፋው ተከፈተ። “በሙቀት አብጦ ነው” አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ...» ድምፁ ተሰበረ።

ካርዱን በፕላስቲክ ከረጢት እንዳለ አሳየችው። አነበበውና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስለ ኢማን ነው እንዴ?»

«ኢማን ማናት?»

«ባለቤቴ። ኒካችን በስልክ ነው የታሰረው፤ እሷ ኮምቦልቻ፣ እኔ እዚህ። ጋሽ ዋለልኝ ሁልጊዜ ያበሽቁኝ ነበር። “ይችን ልጅ ማን ዳረልህ፣ ዋይፋዩ?” ይሉኛል። ቪዛዋ ወጥቷል፤ በሦስት ሳምንት ትገባለች።» ቀና ብሎ አያት። «እትዬ፣ የፖሊስ ነገር ስሜ ላይ ከተጻፈ ትቀርብኛለች ማለት ነው?»

«የሚጻፍ ነገር አድርገሃል?»

«አላደረግሁም» አለ፤ ግን ያለው መሬት መሬት እያየ ነው። ቀመሪያ መሬት አይቶ የሚምል ሰው ከዚህ በፊትም ገጥሟታል። ግማሾቹ ወንጀለኞች ነበሩ፤ የቀሩት ግማሾች ደግሞ በገዛ ጥላቸው የሚደነግጡ ደጋጎች።

ሁለተኛው ሰው ሕዝቅኤል ነበር፤ አርባ አራት ዓመቱ ነው። በዚያ ሙቀት ክራባት አስሯል። ባሕር ዳር እያለ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምር ነበር፤ እዚህ ሻትል፣ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ፣ ይነዳል። በትርፍ ሰዓቱ ከጋሽ ዋለልኝ ጋር ዘር ፍለጋውን ይሠራል።

«አባቴ ማለት ነበሩ» አላት። «እኔ የመጣሁት የዛሬውን ቀጠሮ ብዬ ነው። ከትናንት ወዲያ ነው መጨረሻ ያየኋቸው።»

«በሩ ከበድ ብሎ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ በሙቀት አብጦ። የጋራዥ በር ያው ነው።»

«ይህስ ካርድ?»

ሕዝቅኤል ረጋ ብሎ አነበበው። ቀመሪያ ዓይኑን ነበር የምታየው። ድንጋጤ የለም፤ ግርታ ብቻ።

«የሥራ ማስታወሻ ነው። አንድ የጋብቻ መዝገብ ሊፈልጉ አስበው ይሆናል። ለማንኛውም ቅዳሜ የደንበኛችንን የወይዘሮ ሜሪን ፋይል እናስረክብ ነበር... እኔ አስረክባለሁ።»

ከመሄዷ በፊት ቀመሪያ የኩሽናው በር ሥር ተንበረከከች። ከጫማዎች ረድፍ ኋላ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አሮጌ የብረት መቀርቀሪያ አለ። የቀድሞው ባለቤት ውሻውን ጋራዥ ያሳድር ነበር አሉ። ብረቱን የዓመታት አቧራ አልብሶታል፤ መሐሉ ላይ ግን አንዲት ቀጭን መስመር እንደ አዲስ ሳንቲም ታበራለች።

በማግስቱ ሐሙስ ቀመሪያ ኢንተርፕራይዝ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። እዚያ ያሉት አዳዲስ ቤቶች እርስ በርስ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ሰው የገዛ ቤቱን የሚለየው በቆሻሻ መጣያው ነው። ሜሪ ኮልማን የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት ናት። የትውልድ ስሟ ፔንድሪ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ሕልም አንድ ብቻ ሆኗል፤ ከቅኝ ግዛት ዘመን ባለርስቶች መወለዱን ላስመሰከረ ብቻ በሩን የሚከፍት አንድ የቀደምት ባለርስቶች ማኅበር አለ፤ እዚያ መግባት። እስከ ሳሙኤል ፔንድሪ ድረስ ዘሯ ግልጽ ነው። ሳሙኤል ግን በ1743 ቨርጂኒያ የሞተው የባለርስቱ የጆሳያ ፔንድሪ ልጅ ነው? የዚያ አውራጃ መዝገብ ቤት በጦርነት ተቃጥሏል። ጋሽ ዋለልኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የግብር ዝርዝር፣ የቤተ ክርስቲያን ደብተር ሲያገላብጡ ኖረው፣ ያገኙት የጆሳያን የጋብቻ ውል ብቻ ነበር፤ የቶማስ ሆልትን ልጅ አቢጌልን ማግባቱን የሚገልጽ።

«ከዚያ ዶክተር ሕዝቅኤል አገኘው!» አለች ሜሪ፣ ወደ ግድግዳው እየወሰደቻት።

«ዶክተር?»

«ቅዳሜ በራቱ ግብዣ ላይ እንደዚያ ብዬ ነው የማስተዋውቀው። ማኅበሩ ቋሚ የታሪክ አማካሪ ሊያደርገው ነው። ደስ ብሎት አለቀሰ እኮ!»

ግድግዳው ላይ፣ በወርቅማ ክፈፍ ውስጥ፣ ቡናማ ቀለም ያረፈበት አሮጌ ገጽ ተሰቅሏል። ሕዝቅኤል ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በገዛው የወረቀት ጥቅል ውስጥ ነው ያገኘው። የሟቹ የጆሳያ ፔንድሪ ንብረት ዝርዝር ነው። ሦስት ላም። ኬት የምትባል ሴት ከነልጇ። አንድ የብር ማንኪያ። ከግርጌውም፦ «ይህ ሁሉ ለሟቹ ሚስት ለአቢጌል ሆልት ተሰጠ፤ ልጁን ሳሙኤልን እስኪያድግ ታሳድግበት።»

«ማንኪያውን አየሽው?» አለች ሜሪ። «እንዲህ ያለ ማንኪያ እናቴ ቤት ነበር!»

ቀመሪያ ያየችው ከላሞቹና ከማንኪያው መሐል እንደ ንብረት የተቆጠረችውን ባሪያ ሴት ነው። ከዚያ በቀር ገጹ ምንም እንከን አልታየባትም፤ ሦስቴ አነበበችው፣ ሦስቴም ስክት ብሎ ገባላት።

«ጋሽ ዋለልኝ ምን አሉ?»

«ሰኞ መጥቼ ኮፒውን ሳሳየው ዝም አለ። ቸኮሌት ይዤለት ነበር፤ ሃያ አራት ፍሬ፣ አንዱ በአሳ፣ አንዱ በቀንድ አውጣ ቅርጽ። “ምግብ አይገባም” አለና፣ እንዳላዝን ብሎ መሰለኝ፣ ከነማሸጊያው ከውስጥ በኩል በሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ረቡዕ ጧት ደውሎ “ዛሬ ከሰዓት የምነግርሽ ነገር አለ” አለኝ። አልደወለም። ሰኞ ዝም ማለቱ ቅናት መስሎኝ ነበር። ልጁ ስለቀደመው።»

ለመሰናበት ስትነሳ ሜሪ ስሟን ልትጽፍ ማስታወሻ አወጣች።

«ሚስስ ይመር፣ አይደል? ባለቤትሽ ነው ይመር?»

«አባቴ ናቸው።»

«ባል የለሽም?»

«አለኝ፤ ሀቢብ ይባላል።»

«ታዲያ የባልሽን ስም አልወሰድሽም?»

«እኛ ጋ የባል ስም አይወሰድም፤ ሴት ልጅ ዕድሜ ልኳን በአባቷ ነው የም...»

ቀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ዞራ ክፈፉን አየችው። ከዚያ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትሰጥ ወደ መኪናዋ ሄደች። ሜሪ በመስኮት እያየች ይህችን ሴት በምን አስቀየምኳት አለች።

ቀመሪያ ያን ከሰዓት ጋራዡ ተመልሳ የጋሽ ዋለልኝን ካርዶች ስትቆጥር ዋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የመዘገቧቸው የቨርጂኒያ ባልቴቶች አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። የመጨረሻውን ካርድ ስትመልስ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን የቸኮሌት ካርቶን ማሸጊያ ቀደደች። አሳም የለ፣ ቀንድ አውጣም የለ። ሃያ አራቱ ፍሬ ቀልጠው፣ ወደ አንድ ጥግ ፈስሰው፣ እንደገና ረግተው አንድ ግግር ሆነዋል።

ሙአዝን ከክፍሉ ጠራችው።

«ና ተቀመጥ። ይህ ክፍል ረቡዕ ዕለት ምድጃ ነበር፤ አንተ ስትገባ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ማነው ያቀዘቀዘው?»

ሙአዝ ካርቶኑን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ እትዬ» አለ።

ዓርብ ከሰዓት እድሩ ያመጣቸው ወንበሮች በሳሎኑ ተደርድረው ነበር። ለቀስተኛው ገና አልገባም። ቀመሪያ አራት ሰዎችን ኩሽና ውስጥ ሰበሰበች፤ ሙአዝን፣ ሕዝቅኤልን፣ ሜሪንና ረጅሙን ፖሊስ። ፖሊሱ ማቀዝቀዣው ላይ ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። ሜሪ ክፈፉን ይዘሽ ነይ ስለተባለች እንደ ታቦት አቅፋዋለች። ቀመሪያ ለሷና ለፖሊሱ ስትል በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ ሲያመልጣት ግን በአማርኛ።

«ጋሽ ዋለልኝ የሞቱት በሙቀት ነው» ብላ ጀመረች። «ሐኪሙም ዛሬ ጧት አረጋግጦልኛል። ሙአዝ፣ የነገርከኝን ንገራቸው።»

ሙአዝ ዓይኑ አብጧል። «ረቡዕ ጧት ክፍሌ ያለውን ኤሲ ሳላጠፋ ወጣሁ። የኔ ክፍልና ጋራዡ ባንድ ብሬከር፣ ጫና ሲበዛ መብራት በሚቆርጥ ማብሪያ፣ ነው የሚሠሩት። ስመለስ ክፍሌ መብራት የለም፤ ወጥቼ በውጭው ግድግዳ ያለውን ብሬከር አበራሁት፣ ተኛሁ። እሳቸው ውስጥ እንዳሉ... አላሰብኩም። መስመሩን ያቋረጥኩባቸው እኔ ነኝ።»

«አየሽ!» አለ ፖሊሱ። «አደጋ ነው።»

«ቆይ እስኪ። ሙአዝ፣ ብሬከሩን ስታበራው እጀታው የት ነበር? መሐል ላይ ነው፣ ወይስ ጥግ ድረስ ተመልሶ?»

«ጥግ ድረስ። ባንድ ግፊት ነው ያበራሁት።»

«ብሬከር በጫና ራሱን ሲያጠፋ እጀታው መሐል ላይ ነው የሚቀረው። ለማብራት መጀመሪያ ወደ ጥግ መመለስ፣ ከዚያ መግፋት አለብህ። ባንድ ግፊት ከበራልህ፣ ያጠፋው ጫና አይደለም፤ እጅ ነው።» ወደ ሙአዝ ጎንበስ አለችና በአማርኛ «አንተ አልገደልክም፣ የኔ ልጅ» አለችው። ሙአዝ ፊቱን በሸሚዙ ሸፈነ።

ፖሊሱ ከማቀዝቀዣው ቀና አለ።

«ሁለተኛ፤ ጋሽ ዋለልኝ ሲሞቃቸው ለምን አልወጡም? ምክንያቱም ይህ በር ተቀርቅሮ ነበር።» በጫማዋ ጫፍ የታችኛውን መቀርቀሪያ ነካችው። «ዓመታት ያልተነካ ብረት ላይ አዲስ ጭረት አለ። ሙአዝ በሩን ሲገፋው እምቢ ያለው ለዚህ ነው። ከዚያ አቶ ሕዝቅኤል መጡ፤ በትከሻቸው እየገፉ፣ በጫማቸው መቀርቀሪያውን ሳቡት። በሩም “በሙቀት አብጦ” ተከፈተ።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ሕዝቅኤል፣ ክራባቱን እያስተካከለ። «እንጨት ያብጣል።»

«ባሕር ዳር ያብጣል። ደሴም ክረምት ሲሆን የናቴ ቤት በር ሁለት ሰው ካልገፋው አይከፈትም ነበር። የሚያሳብጠው ግን እርጥበት እንጂ ሙቀት አይደለም። እዚህ አገር ሰማዩ በዓመት ስንቴ ያለቅሳል? ላስ ቬጋስ ውስጥ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ይኮማተራል፤ አያብጥም። እርስዎ ከሐይቅ ዳር ያመጡትን በር ነው የነገሩን።»

ሕዝቅኤል እጁን ከክራባቱ አወረደ።

«አሁን ወደ ካርዱ። ሁሉም ካርድ እንደ ሕትመት ነው፤ ይህ ብቻ ፊደሉ ተደራርቧል። በጨለማ ነው የተጻፈው፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ። በሩ ተቀርቅሯል፣ ስልካቸው ቅርጫት ውስጥ ነው፣ ውሃ እንኳ የላቸውም። ያንን ደንብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ያውቃል። የቆለፈባቸውን ሰው ስም ቢጽፉ፣ በሩን ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ነውና ወረቀቱን ይቀደዋል። ስለዚህ እሱ የማይገባውን ነገር ጻፉ።» ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አቶ ሕዝቅኤል፣ “ይህችን ሴት ማን ዳራት?” ማለት ምን ማለት ነው?»

«ነግሬዎታለሁ። አላውቅም።»

«አምንዎታለሁ። ወይዘሮ ሜሪ፣ ባለቤትዎ ሲሞቱ ፍርድ ቤት የጻፈው ወረቀት እርስዎን ማን ይላል?»

«ሜሪ ኮልማን። ሌላ ምን ሊል ነው?»

«የታቀፉትን ያንብቡልኝ። ግርጌውን።»

ሜሪ መነጽሯን አደረገች። ለአንድ ወር ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ እንግዳ ስታስጎበኝበት የኖረችውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ አነበበችው። «ለሟቹ ሚስት... ለአቢጌል ሆልት...» ቆመች። «ሆልት? ሆልት እኮ የአባቷ ነው። ፔንድሪ ነው መባል ያለባት። አግብታለች እኮ!»

«ጋሽ ዋለልኝም ያሉት ይህንኑ ነው፤ በአባቷ ስም ከቀረች ማን ዳራት? እርስዎ ባንድ ንባብ አዩት። እኔ ሦስቴ አንብቤ አላየሁትም፤ ምክንያቱም እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በትዳር ኖሬ ዛሬም ቀመሪያ ይመር ነኝ። እኛ አገር ሴት ብትዳርም፣ ብትወልድም፣ ብትሞትም ስሟ የአባቷ ነው። ስህተቱ ለኔ ስህተት አልመሰለኝም። ያኔ ነው ራሴን የጠየቅሁት፤ ይህ ስህተት የማይታየው ሌላ ማን አለ? ጋሽ ዋለልኝ ከቨርጂኒያ የመዘገቧቸው ባልቴቶች አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ባንዷም ላይ እንኳ ንብረት በአባቷ ስም አልተሰጠም። ይህን ገጽ የጻፈው በ1743 የኖረ እንግሊዛዊ ጸሐፊ አይደለም። ከጋብቻው ውል ላይ ስሟን እንዳለ የገለበጠ ሐበሻ ነው።»

ሜሪ ክፈፉን ከሰውነቷ አራቀችው። «ማንኪያዬስ?» አለች፣ እንደ ልጅ።

«ማንኪያው የለም፣ ወይዘሮ ሜሪ። ላሞቹም የሉም። ኬት የምትባለውም ሴት የለችም፤ ገጹ የዘመኑን ሽታ እንዲሸት ከላምና ከማንኪያ መሐል ሴት ከነልጇ የጨመረው...» እዚህ ላይ እንግሊዝኛውን ተወችው፤ እርስዎታውንም ተወችው። «አንተ ነህ። ታሪክ ያስተማርክ ሰው!»

ሕዝቅኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ረቡዕ እዚህ እንዳልነበርኩ...»

«የምትነዳው ሻትል የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግባል። የሰው ሁሉ መዝገብ ስትፈልግ የገዛ መዝገብህን እየነዳህ እንደምትዞር ረሳኸው። ረቡዕ ጧት ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት እዚህ መንገድ ላይ ቆመህ ነበር።»

«ይህ ገጽ ልክ አይደለም አሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ምኑ ብላቸው፣ “ታሪክ አስተምረህ ይህን ካላየህ እኔ አልነግርህም፤ ለሷ ነው የምነግራት” አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ነው ሻንጣ የጫንኩት፣ ወይዘሮ ቀመሪያ። ኤርፖርት ላይ “ሄይ፣ ሻትል” ነው ስሜ። ቅዳሜ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተነሥቶ “ዶክተር” ሊለኝ ነበር። ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረቀርኩት። እስኪበርዱ። እንዳይደውሉላት። ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«እሺ። ለአንድ ሰዓት» አለች ቀመሪያ። «ታዲያ መብራቱን ለምን አጠፋኸው?»

የጋራዡ ኤሲ ብቻ ይንጎራጎራል።

«ትልቁ በር በመደርደሪያ ተደፍኗል። ስልካቸው ከውጭ ነው። መቀርቀሪያው በቂ ነበር። ያ ብሬከር ከመብራቱ በቀር ለሳቸው የሚያደርገው ነገር ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ደግሞ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ኤርፖርት ተመላልሰሃል። አራቱንም ጊዜ ሲልቬራዶ ራንች መንገድህ ላይ ነበረች። ሁለት ደቂቃ ነው፤ መቀርቀሪያ መሳብ። አራት ጊዜ አለፍካቸው።»

ፖሊሱ ሰዓቱን ማየት ከተወ ቆይቷል። ሕዝቅኤልን በክርኑ ይዞ አስነሣው። በሩ ላይ ሲደርሱ ሕዝቅኤል ዞረ፤ ያየው ግን ሰዎቹን አልነበረም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርድ ነው።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ብለዋል?» አለ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ባንዷም ላይ?»

«ባንዷም ላይ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ተማሪ የተሳሳተው ጥያቄ ሲመለስለት እንደሚያደርገው። ከዚያ ተወሰደ። ሜሪ ክፈፉን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፤ ስትወጣም አልወሰደችውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ የቀመሪያ ስልክ ጮኸ። ከበስተኋላው የኤርፖርት ጫጫታና የቁማር ማሽን ደወል ይሰማል።

«እትዬ! ገባች! ሻንጣዋ ብቻ ነው የቀረው፤ ፎርም ሙሉ ብለውናል።»

«እንኳን ደስ አላችሁ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ልሸከም?»

«አይ...» ሙአዝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስም ይላል። ሰውየው “ሚስትህ ናት አይደል፣ ያንተኑ ጻፈው” አለኝ። ጋሽ ዋለልኝ ቢኖሩ እሳቸውን ነበር የምጠይቀው። በማን ልጻፋት? በኔ ነው፣ በአባቷ?»

ቀመሪያ ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን፣ በቢላ የተሾለችውን አጭር እርሳስ አየቻት። ፋይሉ ሲዘጋ ዘመድ ያልጠየቃት ብቸኛ ንብረት እሷ ነበረች።

«አጠገብህ ናት?»

«አጠገቤ ናት።»

«ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እስክሪብቶውን ስጣት።»